ክብሪቱ ነው ወይስ ደቂቃው?

የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው መንገድ ላይ ሲጥለው ክብሪት የሚጭር አይጠፋም። ጭሱን አፍንጫው ሥር ይይዙለታል፤ ትንሽ ቆይቶ ሲነቃ «አያችሁ፣ ክብሪት እኮ ነው መድኃኒቱ» ይባላል። ባይጫርም ይነቃ ነበር። አብዛኛው መንቀጥቀጥ በአንድ፣ በሁለት፣ ቢበዛ በሦስት ደቂቃ ራሱ ያበቃል። ክብሪት ተፈልጎ እስኪመጣ ጊዜው ያልቃል፤ ምስጋናው ግን ለክብሪቱ ነው።

ሐኪሞቹም ቢሆኑ የመጀመሪያዎቹን መድኃኒቶች ያገኟቸው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 እንግሊዛዊው ቻርልስ ሎኮክ በሽታው ከወሲብ ስሜት ጋር የተያያዘ መስሎት፣ ስሜት ያበርዳል ብሎ ብሮማይድ ሰጠ። ምክንያቱ ስህተት ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ሠራ። በ1912 ጀርመናዊው አልፍሬድ ሃውፕትማን በእንቅልፍ መድኃኒትነት ይታወቅ የነበረው ፌኖባርቢታል የሚጥላቸውን ሰዎች መንቀጥቀጥ እንደሚቀንስ አስተዋለ። የኔ ተወዳጅ ታሪክ የ1960ዎቹ የፈረንሳዮቹ ነው። ፒየር ኤማርና ባልደረቦቹ የተለያዩ ውህዶችን በአንድ ፈሳሽ እያሟሙ ሲሞክሩ ሁሉም መንቀጥቀጥን የሚከላከሉ መሰሉ። ለካ የሚሠራው ማሟሚያው ኖሯል! ዛሬ ቫልፕሮኤት የምንለው እሱ ነው።

ታዲያ እነዚህ ከክብሪቱ በምን ተለዩ? ሐኪሞቹ የተጀመረው መንቀጥቀጥ መቆሙን አይተው አልረኩም፤ የሚቀጥለው መጣ ወይስ ቀረ ብለው ቆጠሩ። ከዚያ በኋላ ነው የመድኃኒቶቹ አሠራር የታወቀው። የአንጎል ሴሎች የሚግባቡት በኤሌክትሪክና በኬሚካል ነው፤ እጅግ ብዙዎቹ ባንዴ ሲነሱ ሰውየው ይወድቃል። ፌኖባርቢታል ጋባ የተባለውን፣ ሴሎችን የሚያረጋጋ ኬሚካል ሥራ ያጠናክራል።

የበሽታው መነሻ ብዙ ነው፤ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ማጅራት ገትር፣ አንጎል የደረሰ ወባ፣ ስትሮክ፣ የዘር ውርስ። ግማሽ ያህሉ ሕመምተኛ ላይ ምክንያቱ አይገኝም። በምራቅ ግን አይተላለፍም። እሳት ላይ የወደቀን ሰው «ይይዘኛል» ብሎ ሳያነሱ መቅረት፣ ከበሽታው ይልቅ ሰው የሚጎዳ ነገር ነው።

አሁን ወደ አገራችን። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ከ60 ሺህ በላይ ሰው አዩ። ውጤቱ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ታተመ፤ የሚጥላቸው 316 ሰዎች ተገኙ፤ ከሺህ ሰው አምስት ማለት ነው። ከነሱ ዘመናዊ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት 1.6 በመቶ፣ ማለትም አምስት ሰው ገደማ ብቻ ነበሩ። ፌኖባርቢታል ያኔ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ርካሹም እሱ ነው። ስለ አዳዲስ ግኝት ስንደነቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ።

ጸበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ክኒኑን ግን ይዛችሁ ሂዱ። በድንገት ማቋረጥ ማባሪያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያመጣና ሊገድል ይችላል። ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴት ደግሞ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ ፅንሱን ይጎዳል። እሷም ብትሆን በራሷ አታቋርጥ።

ሰው ሲወድቅ አጠገባችሁ ከሆናችሁ ስለት ያለውንና የሚያቃጥለውን ነገር አርቁ፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ወደ ጎን አስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ሰዓት ያዙ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል። የቤተሰባችሁ ሰው ከሆነ አንዳችሁ በስልክ ቅረጹት። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ ብዙ ጊዜ አልፎለታል፤ የአንጎል ምርመራውም ደህና ሊመስል ይችላል። የትኛው እጁ እንደጀመረ፣ ዓይኑ ወዴት እንደዞረ የሚነግረው ያ ቪዲዮ ነው።