ከግንደ ሕዋስ በተሠራ ሕብረ ሕዋስ የስኳር ሕመምን ማከም፦ ከብያኔ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው

የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ አባት ወደ ኢማሙ ቀርቦ፣ «በቤተ ሙከራ ባደገ ሕዋስ መታከም ሐላል ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ በአንድ ቃል አይቋጭም። ብያኔ የአንድን ነገር ምንነት ከማወቅ የሚከተል መሆኑን ፉቀሃእ አስተምረውናልና፣ አስቀድመን ሕክምናውን እንመልከት።

በዚህ ሕመም የሰውነት መከላከያ ኃይል በቆሽት ውስጥ ያሉትን ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ያጠፋል። ከ1922 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሕሙማን ኢንሱሊንን በመርፌ እየወሰዱ ይኖራሉ። በ2000 የካናዳ ሐኪሞች ከሟቾች ቆሽት የተወሰዱ ሕዋሳትን ለ7 ሕሙማን ሰጥተው ሁሉም ከመርፌ መላቀቃቸውን አስታወቁ። ለጋሾች ጥቂት በመሆናቸው ግን ተመራማሪዎች እነዚህን ሕዋሳት ከግንደ ሕዋስ፣ ማለትም ወደ ልዩ ልዩ ሕዋስነት ሊለወጥ ከሚችል ሕዋስ፣ ማሳደግ ያዙ። በ2025 በታተመ ጥናት ሙሉውን መጠን ከወሰዱ 12 ሕሙማን መካከል 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን አላስፈለጋቸውም። ሆኖም ሰውነታቸው ባዕዱን ሕዋስ እንዳያጠፋው የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድ ግድ ሆኖባቸዋል።

የሸሪዓው ጥያቄ የሚያርፈው በሕዋሱ ምንጭ ላይ ነው። ምንጩ የሕመምተኛው የራሱ አካል ከሆነ፣ በመሠረቱ የሚከለክለው አናይም። ምንጩ ጽንስ ከሆነ፣ በመካ የሚገኘው የፊቅህ ጉባኤ በ2003 ባሳለፈው ውሳኔ ከማሕፀን ውጭ ከተደረገ ፅንሰት የተረፈውን ባለቤቶቹ ፈቅደው ሲሰጡ መጠቀምን ፈቅዷል፤ ለዚሁ ዓላማ ሆን ብሎ ጽንስ መፍጠርን ግን ከልክሏል። ምንጩ ዐሳማ ከሆነ፣ በሌሎች መድኃኒቶች ላይ የሚነሳው የኢስቲሓላ፣ ማለትም የባሕርይ ለውጥ፣ ማስረጃ እዚህ የሚጸና አይመስለንም፤ ሕዋሱ ሳይለወጥ ሕያው ሆኖ ይሠራልና። የሚቀረው የደሩራ በር ነው፤ እርሱም ሐላል አማራጭ እስካለ ድረስ አይከፈትም።

ስለዚህ ኢማሙ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ሕዋሱ ከየት መጣ? ባለቤቱ ፈቅዷልን? ታማኝ ሐኪም ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ብሏልን? ከሁሉም በላይ፣ ይህ ተስፋ ገና በምርምር ላይ ያለ በመሆኑ ማንም ኢንሱሊኑን እንዳያቋርጥ አጥብቆ ይምከር። የመጀመሪያው ዓይነት ሕመምተኛ ኢንሱሊን ቢያቋርጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ነፍስን መጠበቅ ደግሞ ከሸሪዓ ዐበይት ዓላማዎች አንዱ ነው።

ወላሁ አዕለም።