ሜዳው ከመኝታ ቤቱ ይሻል ነበር

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በሦስተኛው ቀን መንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ፣ የስፖርት ውድድሮችና ትላልቅ ስብሰባዎችም እንዲቋረጡ ወሰነ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ገባ። የክፍል ለክፍል ግጥሚያው፣ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜው፣ ሚኒ ሚዲያውና የቀይ መስቀል ክበቡ በአንድ ሰሞን ጸጥ አሉ።

ውሳኔው በጊዜው ትክክል ነበር። በሽታው አዲስ ነው፤ ክትባት የለም፤ የመተንፈሻ መሣሪያውም በጣት የሚቆጠር ነው። ነገር ግን የታሰበው ወደ ቤቱ መሄድ ለሚችል ተማሪ ነበር። መሄጃ የሌለው ተማሪስ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚያወጣው መንገድ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ውስጥም ተማሪ ነበር። ፊደል የሚቆጥር ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ ለአገር አቀፍ ፈተና የሚዘጋጅም ነበር። ብዙ ጊዜ አስተማሪው ራሱ ታራሚ ነበር፤ ውጭ ሳለ የተማረውን እዚያ ለባልንጀራው ያካፍል ነበር። ከትምህርቱ ጎን ኳሱ ነበር። ሁለት ምሰሶ ላይ የተወጠረ መረብና አንድ ኳስ ካለ፣ ከሰዓት በኋላው ያልፋል። በነፍስ ግድያ የተፈረደበትና በቼክ ማጭበርበር የገባው በአንድ ቡድን ይሰለፉ ነበር። ለወጣት ታራሚ ይህ ሰዓት የቀኑ ማረፊያ ነው፤ ንዴት ከድብድብ ሌላ መውጫ የሚያገኝበት ነው።

ወረርሽኙ ሲመጣ መጀመሪያ የተቆረጠው ጥየቃ ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ይዛ በር ላይ የምትሰለፍ እናት የልጇን ፊት ማየት ቀረባት። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 ደግሞ የአገሪቱን እንቅስቃሴ ሁሉ ለአምስት ወር በገደብ ሥር አዋለው። ውጭ ያለው የአዲስ አበባ ተማሪ ትምህርቱን በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲከታተል ተሞከረ። ስልክ በማይገባበት ግቢ ግን ቴሌግራም አይታሰብም። መማሪያው፣ ጠያቂውና ኳሱ አንድ ላይ ሲቀሩ ለታራሚው የሚተርፈው መኝታ ቤቱ ብቻ ነው።

ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። ቃሊቲ በዞን የተከፋፈለ ነበር። በቆርቆሮ በተሠሩት ትላልቅ መኝታ ቤቶች ሰው ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ያድር ነበር፤ ቤቶቹ ቀን ይሞቁ፣ ሌሊት ይቀዘቅዙ ነበር፤ አየሩም አንድ ነበር። «ሁለት ሜትር ተራራቁ» የሚለው ምክር እዚያ ቦታ አልነበረውም። ኮሮና ደግሞ ከሜዳ ይልቅ በታፈነ ክፍል በቀላሉ እንደሚተላለፍ ሳይንሱ ውሎ አድሮ በግልጽ አስቀምጦታል። እንግዲህ ሜዳን ዘግቶ ሰውን ወደ ክፍል መመለስ ከአደጋ ወደባሰ አደጋ መውሰድ ነው። በውጭው ዓለም ቤት መቀመጥ መከላከያ ነበር፤ በግንቡ ውስጥ ግን መከላከያው ደጅ መዋል ነበር።

መንግሥት መጨናነቁን አላጣውም። መጋቢት 16 ቀን 2012 በቀላል ወንጀል እስከ ሦስት ዓመት የተፈረደባቸውንና መፈቻቸው የተቃረበውን ጨምሮ ለ4,011 ታራሚዎች ይቅርታ መደረጉን ፕሬዚዳንት ሳህለወርቅ ዘውዴ አስታወቁ። መልካም እርምጃ ነበር። ለቀሩት ግን ቀኑን በምን ያሳልፉ የሚለውን ጥያቄ ይቅርታው አልመለሰውም።

የቀን ባዶነት ምን እንደሚያመጣ ዓለም አይቷል። በዚያው ሰሞን ጣሊያን ጥየቃን ስትከለክል በብዙ እስር ቤቶች ሁከት ተነሣ፤ 13 እስረኞች ሞቱ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የኔልሰን ማንዴላ ደንብም ደጅ ሥራ የሌለው እስረኛ በቀን ቢያንስ የአንድ ሰዓት የአየር ላይ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ወጣቱም የአካል ብቃት ሥልጠና እንዲያገኝ ያዛል።

ስፖርትን ከወረርሽኝ ጋር ማስኬድ እንደሚቻል እኛው አሳይተናል። የፕሪሚየር ሊጉ የ2012 ውድድር ሚያዝያ 27 ተሰረዘ። ታኅሣሥ 3 ቀን 2013 ግን ሊጉ ተመለሰ፤ ተጫዋቾች ተመረመሩ፣ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ተጫወቱ። ታላቁ ሩጫም ከኅዳር ወደ ጥር ተዛውሮ ተካሄደ። የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ጥቅምት መጨረሻ ሲከፈቱ ተማሪው በፈረቃ፣ በክፍል ከ20 እስከ 25 ሆኖ እንዲቀመጥ ተደረገ። ገንዘብና የቴሌቪዥን ስርጭት ያለው ሊግ ዘዴ ተበጀለት። የትምህርት ቤት ሜዳ ያን ያህል አሳቢ አላገኘም፤ የማረሚያ ቤቱ ሜዳማ ከነጭራሹ መነጋገሪያ አልነበረም።

ዘዴው ውድ አይደለም። አብረው የሚያድሩ ታራሚዎች አብረው ቢጫወቱ አዲስ ንክኪ አይፈጠርም፤ እንዲያውም በመኝታ ክፍል ተከፋፍሎ በተራ ወደ ሜዳ መውጣት ዞን ከዞን እንዳይቀላቀል ይረዳል። ኳሱን በሳሙና ማጠብ፣ ከጨዋታ በፊትና በኋላ እጅ መታጠብ፣ ያተኮሰውን ለይቶ ማሳከም፣ መማሪያውን ወደ ደጅ ማውጣት። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ውሃ፣ ሳሙናና አስቀድሞ የተጻፈ አንድ መመሪያ ነው።

ወረርሽኝ መመለሱ አይቀርም። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን፣ ትምህርት ሚኒስቴርና ጤና ሚኒስቴር ያንን መመሪያ ዛሬ፣ ሰላም ሳለ፣ አብረው ይጻፉት። በመመሪያው ላይም ይህ ይስፈር፦ በማረሚያ ቤት መማሪያና ሜዳ የመጨረሻ የሚዘጉ፣ የመጀመሪያ የሚከፈቱ ይሁኑ። ፍርድ ቤት የፈረደው ነፃነትን ማጣት ነው፤ አየርንና ትምህርትን ማጣት የፍርዱ አካል አይደለም።