ፈረስ የሚያጓጉዝ ካሚዮን ስለ መምረጥ

ፈረስ የሚያጓጉዝ ካሚዮን ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ካሚዮኑ ስንት ኪሎ እንዲጭን ተፈቅዶለታል ብሎ ነው። ስፍራው ለሁለት ፈረስ ቢበቃም፥ የተፈቀደው ክብደት ላይበቃ ይችላልና።

በእንግሊዝ አገር ለዚህ ሥራ ከተለመዱት መጠኖች ሁለቱ ባለ 3.5 ቶንና ባለ 7.5 ቶን ናቸው። ይህም ቁጥር የካሚዮኑና የጭነቱ ክብደት በአንድነት ተደምሮ ማለፍ የማይገባው ልክ ነው። ለምሳሌ ባለ 3.5 ቶኑ ባዶውን 2,500 ኪሎ ቢመዝን፥ ለጭነት የሚተርፈው 1,000 ኪሎ ነው። እያንዳንዳቸው 500 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ፈረሶች ሲገቡበት፥ ለነጂው፥ ለኮርቻው፥ ለድርቆሹና ለውሃው አንዲት ኪሎ እንኳ አትቀርም። ከልክ ያለፈ ጭነት ፍሬንና ጎማን ያደክማል፤ ነጂውንም በሕግ ያስቀጣል።

ባለ 7.5 ቶኑ አሮጌ ሆኖ በርካሽ ቢገኝ፥ የመንጃ ፈቃዱ ነገር ይታሰብ። በዚያ አገር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤት መኪና ተፈትኖ ያለፈ ሰው፥ ይህን ለመንዳት ሌላ ፈተና ማለፍ ይኖርበታል።

ስለዚህ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ገዢ ዋጋውን ከመክፈሉ በፊት፥ ካሚዮኑን ባዶውን በመኪና ሚዛን ያስመዝን። የወለሉንም ምንጣፍ አንሥቶ፥ በፈረስ ሽንት የበሰበሰ እንጨት እንዳይኖር ይመርምር። አንድ ፈረስ ብቻ ላለው ትንሹ ይበቃዋል፤ ሁለት ትላልቅ ፈረሶች ላሉት ግን ትንሹን በርካሽ መግዛት ኋላ ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆንበታል። የቀለሙ ማማር ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚታይ ነው።