«ልጄን ዳኛ ፊት አቅርቡልኝ» ማለት ልመና አይደለም

ባለፈው ሰሞን ከገነተ ማርያም አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄን ከያዙት ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ምግቡን ይቀበሉኛል፣ እሱን ግን አያሳዩኝም። ዳኛ ፊትም አልቀረበም» አሉኝ። ጎረቤቱ ሁሉ የመከራቸው ያው የተለመደውን ነው፦ ሽማግሌ ይላኩ፣ የሚያውቁት ባለሥልጣን ይፈልጉ። ፍርድ ቤት ያመልክቱ ያላቸው ግን አልነበረም።

«እማማ፣ ለዚህ እኮ ሕግ አለው» አልኳቸው።

ሕጉ አዲስ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 እስከ 179 አካልን ነፃ ስለማውጣት ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ካልቀረበ የአካል ነፃነቱ እንዲከበርለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ መብቱ ነው።

ታሳሪው ራሱ ማመልከት ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ማመልከት ይችላል፤ ያልቻለበትን ምክንያት መግለጽ ነው። በቃለ መሐላው ላይ ማን እንደያዘው፣ የትና እንዴት እንደታሰረ፣ ማን እንደሚመሰክር ይጻፋል። ስለዚህ ሰው ሲያዝ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጣቢያውን ስምና ያዩትን ሰዎች ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ኋላ ይጠቅማችኋል።

ፍርድ ቤቱ ደግሞ ያሰረውን አካል «ታሳሪውን ይዘህ ቅረብ፣ የማይለቀቅበትን ምክንያትም አስረዳ» ይለዋል። እስሩ ሕገ ወጥ ከሆነ ወዲያው ይፈታል፤ ካጠራጠረም በዋስ ሊለቀቅ ይችላል።

እናትየው የፈሩት መንገዱን ነበር። በ2013 ዓ.ም. በተሻረው የ1988ቱ አዋጅ ይህ አቤቱታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ነበር፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከአሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ግን ሕገ መንግሥቱ የፌዴራል ዳኝነትን ለክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ሰጥቷል። አዋጅ 322/1995 ደግሞ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ በአምስት ክልሎች የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ወስኗል። ስለዚህ አውቶቡስ ከመሳፈር በፊት አሶሳ ላይ ሬጅስትራር መጠየቅ ነው።

አቤቱታው ተአምር አይሠራም። ኢትዮጵያ የተወለደው ቢንያም መሐመድ ጓንታናሞ ታስሮ ሳለ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይህንኑ አቤቱታ አቅርቦ ነበር። እዚያ የታሰሩ ሰዎች ይህ መብት እንዳላቸው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ቢንያም ወደ እንግሊዝ የተመለሰው በ2009፣ ከተያዘ ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ።

እኛም ጋ መጥሪያው ሲደርስ ፖሊስ ታሳሪውን ሌላ ችሎት አቅርቦ ጊዜ ቀጠሮ የሚጠይቅበት አጋጣሚ አለ። ያኔ አቤቱታው ይዘጋል። የእኚህ እናት ልጅም እንዲሁ ሆነ፤ ያን ቀን አልተፈታም። ግን ዳኛ ፊት ቆመ፣ በምን እንደተጠረጠረ ተነገረው፣ ዋስትና ጠየቀ።

ማታ እናቱ ደወሉ። «ከስቷል» አሉኝ፣ «ግን አየሁት።»