የወንበር ካርታና የመራጭ ድምፅ፦ ከጭሮ ሲታይ

በግንቦት 2007 ዓ.ም በተካሄደው አምስተኛ ጠቅላላ ምርጫ አንድም ተቃዋሚ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አልገባም። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ኦሮሚያን ከዳር እስከ ዳር ጠቅልለው ወሰዱ። ውጤቱን በካርታ ያየ ሰው ክልሉ በአንድ ልብ ገዢውን ፓርቲ ይደግፋል ቢል አይፈረድበትም ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ ግን በኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ክልሉን አዳረሰ፤ ጭሮን ጨምሮ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞችም ገቡበት። በየካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። ያን ሁሉ ቁጣ ያ ካርታ ቀድሞ አላሳየም፣ ሊያሳይም አይችልም ነበር። ካርታው የሚናገረው በየምርጫ ክልሉ ማን አንደኛ እንደወጣ ብቻ ነው። ሁለተኛ የወጣው ስንት ድምፅ እንዳገኘ፣ ከተሜውና ገጠሬው ምን ያህል እንደተለያዩ፣ ተፎካካሪ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚሉትን ጥያቄዎች ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ስለዚህ የክልሎችን የፖለቲካ ዝንባሌ ከወንበር ቁጥር ማንበብ ትልቅ ስሕተት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ስሕተቱ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ በሰፊ ገጠር መካከል ትናንሽ ከተሞች የተሰባጠሩበት ምዕራብ ሐረርጌ ነው።

የሥርዓቱ አሠራር ቀላል ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም፤ ከሌሎቹ መብለጥ ይበቃዋል። ሦስት እጩዎች 36፣ 34 እና 30 በመቶ ቢያገኙ 36ቱ ወንበሩን ይወስዳል፣ የቀሪዎቹ 64 በመቶ መራጮች ድምፅ ምክር ቤት አይደርስም። አንቀጽ 56 እንደሚለው ደግሞ መንግሥት የሚመሠርተው ብዙ ወንበር ያለው ፓርቲ ወይም ጣምራ ነው። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ በአገር ደረጃ ስንት ሰው መረጠህ ሳይሆን የመረጡህ ሰዎች የት ይኖራሉ የሚለው ይሆናል።

ለዚህ ከ1997ቱ ምርጫ የተሻለ ማስረጃ የለንም። በ1992 ኢሕአዴግ ከ547ቱ 481 ወንበር ነበረው፤ በግንቦት 1997 ወደ 327 ወረደ። ከተቃዋሚዎቹ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ 11 አገኙ። ልብ የሚያሰኘው ግን የወንበሮቹ ስርጭት ነው። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች በሙሉ ወሰደ፤ ከአማራ ክልል 138 ደግሞ 50 ያህሉን። በኦሮሚያ ከ178ቱ የኢሕአዴግ አባል የሆነው ኦህዴድ ወደ 110 ሲይዝ፣ ተቃዋሚዎች ከሦስት አንድ በላይ ድርሻ ነበራቸው። ያም ቢሆን ክልሉ ላይ ተበትኖ የመጣ አልነበረም። በኅብረት ውስጥ የነበረው የእነ ዶክተር መረራ ጉዲና ኃይል ምዕራብ ሸዋ ላይ፣ የእነ አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ደግሞ ወለጋ ላይ የተከማቸ ነበር። አቶ ቡልቻ የመሩት ፓርቲ 11 ወንበር ያገኘው ደጋፊዎቹ በአንድ አካባቢ አጠገብ ለአጠገብ ስለሚኖሩ ነው። ያው የድምፅ ብዛት ከሞያሌ እስከ ሚኤሶ ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ በየምርጫ ክልሉ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሆኖ ባዶ እጁን ይቀር ነበር።

ከዚያ በግንቦት 2002 የሆነውን እናስተያይ። ኢሕአዴግ ከ327 ወደ 499 ዘለለ፤ ጭማሪው 172 ነው። በ1997 ሦስቱ ዋና ተቃዋሚዎች የያዙት ድምርም 172 ነበር። ወንበሮቹ አንድ ለአንድ ተተካኩ ማለቴ አይደለም፤ ግን ቁጥሩ የለውጡን ስፋት በግልጽ ያሳያል። የተቃዋሚዎች ስብስብ የሆነው መድረክ በመላ አገሪቱ ያገኘው አንድ ወንበር ሲሆን እሱም አዲስ አበባ ላይ አቶ ግርማ ሠይፉ ያሸነፉበት ነው። አምስት ዓመት ቀድሞ ለተቃዋሚ 23 ለ0 የሆነችው ከተማ አሁን ለገዢው ፓርቲ 22 ለ1 ሆነች። የሰው ሐሳብ በዚህ መጠን ይገለበጣል ብሎ ማመን ይከብዳል። የተቃዋሚው መከፋፈል፣ ከ1997 በኋላ የመጣው እስርና የጠበበው የፖለቲካ ሜዳ ሥራቸውን ሠርተዋል። የምርጫው ሥርዓት ደግሞ የተፈጠረውን የድምፅ ለውጥ አባዝቶ ወደ ወንበር ቀየረው። ድምፅ በጥቂት በመቶ ሲንቀሳቀስ ወንበር በአሥሮች ይንቀሳቀሳል።

በሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫም ያው ሕግ ታይቷል። ኢሕአዴግን የተካው ብልጽግና በመጀመሪያው ዙር ከ436 ወንበሮች 410 አሸነፈ። ከገዢው ፓርቲ ቀጥሎ ብዙ እጩ ያቀረበውና አገር አቀፍ ነኝ ያለው ኢዜማ አራት ወንበር ብቻ አገኘ፣ አራቱም ከደቡብ። የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ደግሞ በአንድ ዞን ብቻ ተወዳድሮ ሁለት ወሰደ። በእንግሊዝም እንዲሁ ነው፦ በፈረንጆች 2024 ሌበር ፓርቲ በ34 በመቶ ገደማ ድምፅ ከ650 ወንበሮች 411 ሲይዝ፣ 14 በመቶ ያገኘው ሪፎርም የተባለው ፓርቲ 5 ብቻ አገኘ፤ ከእሱ ያነሰ፣ 12 በመቶ ገደማ ያገኙት ሊበራል ዴሞክራቶች ግን 72። ሊበራሎቹ ድምፃቸው የተከማቸ፣ የሪፎርም ደግሞ የተበተነ ነበር።

አሁን ወደ ጭሮ እንምጣ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የምዕራብ ሐረርጌ ሕዝብ 1.87 ሚሊዮን ሲሆን ከአሥር ሰው ዘጠኝ ያህሉ የገጠር ነዋሪ ነበር። የዞኑ ዋና ከተማ ጭሮ 33,670 ነዋሪ ነበራት። በኦሮሚያ አንድ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር በአማካይ 152 ሺህ ያህል ሕዝብ ይይዛል። እንግዲህ የዞኑ ትልቋ ከተማ እንኳ የአንድ የምርጫ ክልልን ሩብ አትሞላም፤ ሂርና፣ ገለምሶ፣ በዴሳ፣ ሚኤሶና መቻራ ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው። ስሌቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ፓርቲ በከተማው 70 በመቶ፣ በዙሪያው ገጠር 20 በመቶ ድምፅ ቢያገኝና ከተማው የምርጫ ክልሉ ሩብ ቢሆን፣ ጠቅላላ ድርሻው 32 በመቶ ተኩል ይሆናል። ከአንድ ጠንካራ ተፎካካሪ ጋር ከገጠመ በሰፊ ልዩነት ይሸነፋል፤ ከከተማው ነዋሪ ከአሥር ሰባቱ የመረጡት ፓርቲ መሆኑ ከወንበሩ ላይ አይነበብም። አዲስ አበባ በ1997 ድምፅዋ ጎልቶ የተሰማው ሕዝቧ ስለበዛ ብቻ ሳይሆን የምርጫ ክልሎቿ በሙሉ ከተማ ስለሆኑ ነው። የጭሮ ነዋሪ ያንኑ ያህል ቢቆርጥም እንዲያ ሊሰማ አይችልም።

ይህ የከተማና የገጠር ልዩነት ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለው ነጋዴ፣ ሹፌርና የጭነት ሠራተኛ የሚያሳስበው የመንገድ ደኅንነት፣ የኬላ ቀረጥና የጫት ዋጋ ነው። በጭሮ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከተመረቀ በኋላ ሥራ ይፈልጋል። የሀብሮ ወረዳ ገበሬ ስለ ቡና ገበያ፣ የማሽላ አምራቹ ስለ ዝናብና ስለ ሴፍቲኔት ያስባል። በሚኤሶ ቆላ ያለው አርብቶ አደር ደግሞ ዋና ጉዳዩ የግጦሽ መሬትና ከሶማሌ ክልል ጋር ያለው ወሰን ነው፤ የ1997ቱ ምርጫ ከመድረሱ ከሰባት ወር በፊት በሁለቱ ክልሎች መካከል ከ400 በላይ ቀበሌዎች ላይ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው በዚሁ የወሰን ጥያቄ ነበር። እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ‘የምዕራብ ሐረርጌ መራጭ’ ብሎ መጥራት የሚቻለው ድምፃቸውን ሳይሆን ወንበራቸውን ሲቆጥሩ ነው።

ጭሮ ከፓርላማ ታሪካችን ጋር ያላት ዝምድና ብዙ ጊዜ አይነሣም። ከተማዋ አሰበ ተፈሪ በሚለው የቀድሞ ስሟ በ1910ዎቹ የጨርጨር አውራጃ ማዕከል ሆና የተቆረቆረችው በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አገረ ገዥነት ዘመን ነው። የመጀመሪያውን ምክር ቤት ያቋቋመውን የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። በዚያ ሰነድ እንደራሴዎቹን ሕዝቡ አልመረጣቸውም፤ መኳንንቱና ሹማምንቱ ናቸው የመረጡላቸው። ቀጥተኛ ምርጫ የመጣው በተሻሻለው የ1948 ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ ያ ሕገ መንግሥት ከ30 ሺህ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች የየራሳቸውን እንደራሴ ፈቅዶላቸው ነበር። ፓርቲ የሌለበት፣ ለእጩነት ሀብት የሚጠየቅበት ሥርዓት ነበርና ይመለስ የምልበት ምክንያት የለኝም። ሆኖም ከተሜው በገጠሬው ቁጥር እንደሚዋጥ ያኔ የታወቀና በሕግ መላ የተፈለገለት ጉዳይ መሆኑን መርሳት የለብንም።

ሌላም ችግር አለ፦ የወንበሮቹ ክብደት እኩል አይደለም። የምርጫ ክልሎቹ ወሰን በመሠረቱ ከ1987 ጀምሮ ያለው ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ሲካፈል አንድ ወንበር በትግራይ 114 ሺህ፣ በአዲስ አበባ 119 ሺህ፣ በአማራ 125 ሺህ፣ በኦሮሚያ 152 ሺህ፣ በሶማሌ 193 ሺህ ያህል ሰው ይወክላል። ከጭሮ በምሥራቁ መንገድ ብንሄድ በሐረሪ 92 ሺህ፣ በድሬዳዋ 171 ሺህ ይሆናል። በሐረሪ ልክ ቢታደል ምዕራብ ሐረርጌ 20 ወንበር በተገባው ነበር፤ በኦሮሚያ አማካይ ግን 12 ገደማ ነው። አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች ልዩ ውክልና መስጠት ሕገ መንግሥቱ የፈቀደው ነው፤ የሐረሪን በዚያ መረዳት ይቻላል። የሶማሌና የኦሮሚያ መራጭ ከትግራዩ ወይም ከአዲስ አበባው ማነሱን ግን ምን ያስረዳልናል? ከ1999 ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም፤ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ያልተቆጠረ ሕዝብ ወንበሩ ሊስተካከል አይችልም።

‘ይህ ሁሉ ሒሳብ ምን ይፈይዳል? የኢትዮጵያ ምርጫ ችግሩ ጫናና አፈና እንጂ የድምፅ አከፋፈል አይደለም’ የሚል ሰው ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ግማሹን እቀበላለሁ። በ2013 የኦሮሞ ተቃዋሚ ፓርቲዎቹ ኦነግና ኦፌኮ አመራሮቻቸው መታሰራቸውንና ጽሕፈት ቤቶቻቸው መዘጋታቸውን ጠቅሰው ሳይወዳደሩ ሲቀሩ፣ በኦሮሚያ ብዙ ቦታ መራጩ የሚያነጻጽረው ብርቱ ተፎካካሪ አልነበረውም። እንዲህ ባለ ምርጫ የተገኘን ወንበር የትኛውም ቀመር አያስተካክለውም። ነገር ግን አፈናና የአብላጫ ሥርዓት ይደጋገፋሉ። ወንበር የሚገኘው አንደኛ በመውጣት ብቻ ከሆነ ገዢው ፓርቲ በጥቂት ቦታዎች ላይ ትንሽ ጫና ቢያደርግ ብዙ ያተርፋል። ተቃዋሚውም 30 በመቶ ይዞ ባዶ እጁን እንደሚመለስ ካወቀ ለመወዳደር የሚያነሣሣው ነገር ይቀንሳል።

‘ተመጣጣኝ ውክልና የፓርቲ መንጋ ያመጣል፣ የአካባቢውን ተወካይም ያጠፋል’ የሚለው ሌላው መከራከሪያ ነው። የጭሮ ሰው ተወካዩን በስም ማወቁ ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ምርጫው ከሁለቱ አንዱን የግድ መጣል አይደለም። ሌሶቶን እንመልከት። በፈረንጆች 1998 ገዢው ፓርቲ በ60 በመቶ ገደማ ድምፅ ከ80 ወንበር 79ኙን ወሰደ። አገሪቱ ታመሰች፤ የጎረቤት አገሮች ጦርም ገባ። ከዚያ 80ውን የአካባቢ ወንበር ሳይነኩ 40 በተመጣጣኝነት የሚታደሉ ጨመሩበት። በፈረንጆች 2002 ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ከእነዚህ 21 አገኘና ክርክሩን ከጎዳና ወደ ምክር ቤት አስገባ። የፓርቲ መንጋ የሚለውም ስጋት ቢሆን ከ1997ቱና ከ2013ቱ ካርታ ጋር አይሄድም፤ ያለው ሥርዓት የሚሸልመው በአንድ አካባቢ የተከማቸን ፓርቲ ነውና፣ አገር አቀፍ ፓርቲን የሚያዳክመው እሱ ራሱ ነው።

በእኛም አገር ኢሕአዴግና ተቃዋሚዎች በ2009 በጀመሩት ድርድር ወደ ቅይጥ ሥርዓት ለመሄድ ተስማምተው ነበር። ፍጻሜ አላገኘም። አብላጫው በሕገ መንግሥቱ ስለተጻፈ የ2011ዱ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162ም ያንኑ ይዞ ቀጠለ። ለማሻሻል በአንቀጽ 105 የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልሎችም የሁለት ሦስተኛዎቹ ምክር ቤቶች ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ይህ በአንድ የምርጫ ዘመን የሚያልቅ አይመስለኝም።

ሕገ መንግሥት ሳይነካ ዛሬ ሊደረግ የሚችለው ግን አለ። የምርጫ ጣቢያ ውጤት ቆጠራው እንዳለቀ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ እነዚህን ሉሆች በወረዳ፣ በከተማና በገጠር ለይቶ፣ ተሸናፊው ያገኘውንም ድምፅ ጨምሮ ቢያሳትም፣ ጋዜጠኛውም ‘እገሌ ፓርቲ ኦሮሚያን አሸነፈ’ ከማለቱ በፊት ሉሆቹን ቢያገላብጥ፣ የገለምሶ ከተማ ከሀብሮ ገጠር በስንት በመቶ እንደተለየ፣ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያለው መራጭ ከሂርና ነጋዴ ጋር ተስማምቶ እንደሆነ፣ በጭሮ አሸናፊውን ያልመረጠው ከመቶ ስንት እንደሆነ በቁጥር መናገር ይቻላል።