ሐኪም ያዘዘው ወይስ ተመርማሪው የመረጠው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ነገር ግን በሽታው ራሱ ከባለቤቱ ተደብቆ ሲኖር ምን ይደረጋል? የትልቁ አንጀት ነቀርሳ እንዲህ ያለ በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ በአንጀት ግድግዳ ላይ ከምትበቅል ትንሽ ትርፍ ሥጋ ይነሣና፥ ሕመም ሳያሰማ ለብዙ ዓመታት ቈይቶ ወደ ነቀርሳነት ይለወጣል። ስለዚህ ሐኪሞች ጤነኛ ነኝ የሚለውን ሰው አስቀድመው ይመረምሩታል፤ በጊዜው የተገኘ ትርፍ ሥጋ ተቈርጦ ይወጣልና።

ለዚህም ዛሬ በተለይ በሁለት ዓይነት ምርመራዎች ይሠራል። አንደኛው ኮሎኖስኮፒ ይባላል። ተመርማሪው በዋዜማው ጠንካራ ምግብ ትቶ አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት ሲጠጣ ያመሻል፤ ሐኪሙም በጫፉ መብራትና ካሜራ ያለበትን ለስላሳ ቱቦ በመቀመጫው በኩል አስገብቶ ትልቁን አንጀት ይመለከታል፤ ትርፍ ሥጋ ቢያገኝ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቈርጦ ያወጣዋል። ምንም ያልተገኘበት ሰው እስከ 10 ዓመት ድረስ አይደገምበትም። ሁለተኛው የዓይነ ምድር ምርመራ ነው። ሰውዬው በቤቱ ሆኖ ጥቂት ናሙና በትንሽ ብልቃጥ ጨምሮ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፤ እዚያም በዓይን የማይታይ ደም ይፈለግበታል። ይህኛው ግን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መደገም አለበት፤ ብዙ ትርፍ ሥጋም ያመልጠዋል።

በወረቀት ላይ ሲመዘን ኮሎኖስኮፒው ይበልጣል። ታዲያ ሐኪሙ የሚበልጠውን አዝዞ ነገሩን ቢጨርሰው ምን ይጐድላል?

መልሱን በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተደርጎ በ2012 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ከታተመ ጥናት እናገኛለን። 997 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። ለአንደኛው ክፍል ኮሎኖስኮፒ፥ ለሁለተኛው የዓይነ ምድር ምርመራ ተመከረ፤ ሦስተኛው ክፍል ግን ሁለቱም ተገልጸውለት «የሚስማማችሁን ምረጡ» ተባለ። በዓመቱ ቢቈጠር፥ ኮሎኖስኮፒ ከተመከሩት ከመቶ 38 ብቻ ምርመራውን ፈጽመው ተገኙ። የዓይነ ምድር ምርመራ ከተመከሩት ከመቶ 67፥ ምርጫ ከተሰጣቸውም ከመቶ 69 ፈጸሙ። እንግዲህ ይበልጣል የተባለው ምርመራ ብቻውን ሲታዘዝ፥ ከመቶው ስድሳው ሳይመረመር ቀረ። ያልተደረገ ምርመራ ደግሞ፥ ምንም ያህል ቢመሰገን፥ ማንንም አያድንም።

በዚያው ዓመት ከእስፓኝ የወጣው ጥናት ይህንኑ ያስረዳል። ከ53,000 በላይ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ሲጠሩ፥ ለኮሎኖስኮፒ ከመቶ 24.6፥ ለዓይነ ምድር ምርመራ ከመቶ 34.2 መጡ። ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ የተቃረበ ትርፍ ሥጋ በኮሎኖስኮፒው ክፍል በ514 ሰዎች፥ በሌላው በ231 ተገኘ። ነቀርሳው ራሱ ግን በ30 እና በ33 ሰዎች ላይ ተገኘ፤ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። ከ10 ዓመት ክትትል በኋላ በ2025 የወጣውም ውጤት፥ ከሞት በማዳን ረገድ የዓይነ ምድር ምርመራው ከኮሎኖስኮፒው እንደማያንስ ገለጠ።

የሰዎችን ምርጫ ስንመረምር ምክንያታቸው የሚናቅ ሆኖ አናገኘውም። አንዱ የሚያጥበውን መድኃኒት ይጠላል፤ ሌላው ያፍራል፤ ሌላው ከሥራ የሚቀርበት ቀን፥ በማደንዘዣ ደክሞ ሲወጣ ወደ ቤቱ የሚያደርሰውም ሰው የለውም። በአንጻሩ የገዛ ዓይነ ምድሩን መንካት የሚጸየፍ አለ፤ «አንድ ጊዜ ተገላግዬ አሥር ዓመት ልረፍ» የሚልም አለ።

ሆኖም ምርጫ በወሬ መሆን የለበትም። በሆላንድ አገር ኮሎኖስኮፒና ሲቲ የተባለው የራጅ ምርመራ ሲወዳደሩ፥ ሰዎቹ አስቀድመው ይከብዳል ብለው የፈሩት ኮሎኖስኮፒውን ነበር። ከምርመራው በኋላ ግን ይልቁን ከበደን ያሉት ሲቲውን ያደረጉት ናቸው። ደግሞም የዓይነ ምድር ምርመራን የመረጠ ሰው አንድ ውል እንደገባ ይወቅ፤ ደም ከተገኘበት ኮሎኖስኮፒ ግድ ነው። ያን ጊዜ እንቢ ካለ እንዳልተመረመረ ይቈጠራል። በዓይን የሚታይ ደም ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት ያለበትም ሰው ከምርጫው አስቀድሞ ወደ ሐኪም ይሂድ።

በአሜሪካ ምርመራው ከ45 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ እንዲደረግ ከ2021 ወዲህ ይመከራል። በዚያ ከሚኖሩት አባቶቻችንና እናቶቻችን መካከል በልጆቻቸው አስተርጓሚነት ከሐኪም የሚነጋገሩ አሉ። ልጅ «አባባ፥ ሐኪሙ ይህን አዝዞልዎታል» ብሎ ብቻ ከሚያቆም፥ «ሁለት መንገድ አለ፤ የትኛው ይሻልዎታል?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ያተርፋል።

ከእናንተም ከተማሪዎችና ከወጣት ሠራተኞች መካከል ነገ የሕዝብ ጤና ደንብ የሚያረቅ አይጠፋም። ሕዝቡ የማይፈጽመውን ብልጫ ከማዘዝ፥ የሚፈጽመውን ጠይቆ መረዳት ይበልጣል እንላለን። ሰውን ምን እንደሚሻ መጠየቅ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ነፍስ ማዳንም ነውና።