«እርዳታ ሰውን ያሰንፋል»፦ ላስታ ላይ የተለጠፈ ተረት

የሴፍቲኔት (የምግብ ዋስትና ድጋፍ) ተጠቃሚዎች ዝርዝር በሚጣራበት ሰሞን አንድ አባባል ይደጋገማል፦ «እርዳታ ሰውን ያሰንፋል።» አብዛኛውን ጊዜ የሚለው ለስንዴ ተሰልፎ የማያውቅ ሰው ነው። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። አባባሉ ሥር ሲሰድ፣ ጧሪ የሌላቸው እናት ስማቸው ከመዝገብ ሲወጣ «ለምን?» የሚል ይጠፋል። ችግረኛውም ሰነፍ እንዳይባል ረሃቡን ይደብቃል።

ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጉልበት ያለው ሠርቶ እንዲያገኝ፣ መሥራት የማይችለው ብቻ በነፃ እንዲደገፍ ተደርጎ ነው የተዘረጋው። በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ተዳፋት ላይ ድንጋይ ተሸክሞ እርከን የሚክበው ያ «ሰነፍ» የተባለው ገበሬ ነው። ክፍያው የሚሸፍነው የዓመቱን ግማሽ ያህል ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይዘገያል። በዚህ ላይ ተማምኖ ማረሻውን የሚሰቅል ማን ነው? ፒተር ሊትል የተባለው አንትሮፖሎጂስት ደቡብ ወሎን አጥንቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍም ይህንኑ ይናገራል፦ እርዳታው ትንሽና መምጫው የማይታወቅ በመሆኑ ገበሬው ኑሮውን በእሱ ላይ አይመሠርትም። ከዚያ ቀደም ሲል በ2005 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ገጠር መረጃ ላይ ተመሥርቶ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የእድሜን፣ የመሬት ስፋትንና የመሳሰለውን ልዩነት ከግምት ሲያስገባ፣ እርዳታ ሥራ ያስቀንሳል የተባለው ውጤት ጠፋ። መጀመሪያውኑ እርዳታው ይደርስ የነበረው ጉልበት ላነሳቸው ቤቶች ነበርና።

አባባሉ ከምንም አልተነሣም፤ ይህን አልክድም። በ1977 ዓ.ም. በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ ኮረም መጠለያ የገባ ሰው በዚያው ክረምት ሊያርስ አይችልም ነበር። ከሩቅ ለሚያየው ያለ ሥራ የተቀመጠ ይመስላል። ከማሳው የነቀለው ግን የእርዳታው መዘግየት ነው፤ ቀድሞ በቀዬው ቢደርሰው ኖሮ በሬው በእጁ በቀረ ነበር። በ1966ቱ የወሎ ረሃብም ጥፋቱ የስንፍና አልነበረም። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አማርትያ ሴን እንዳሳየው የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ ነበር። ሰው ያለቀው የሚገዛበት በማጣቱ ነው።

ቅሬው (የቀብር ዕድሩ) ለቀብር ሲወጣ ሟቹ ታታሪ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። ታዲያ በሕይወት ያለውን ራብተኛ ብቻ ለይተን በጥያቄ የምናፋጥጠው ስለ ምንድን ነው?

«ደግነት የተረፈው ሰው ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። በገና ሰሞን ላሊበላን ያዩ ይህን አይሉም። በእግሩ ተጉዞ የመጣውን ምዕመን እግር አጥቦ የሚያስተናግደው ነዋሪ እንዲህ የተረፈው አይደለም።

«ለልጅ ብር መስጠት ደግነት ነው» የሚለው ግን ልብ ይሻል። በትምህርት ሰዓት ቱሪስት የሚከተል ልጅ ሰንፎ አይደለም፤ እየሠራ ነው፤ የሚሰጠው ሳንቲምም ከክፍል የሚያስቀረው ደመወዙ ነው። ሊረዳው የሚፈልግ ቤተሰቡን ወይም ትምህርት ቤቱን ይፈልግ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ተጠቃሚን የሚመለምለው ጎረቤት ነው፤ የማን ጎተራ ባዶ እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ዝምድናና ቂምም የሚያድረው እዚያው ጎረቤት ዘንድ ነው። ምርጫው ለሌላ ይሰጥ እንዳልል የወረዳው ቢሮ ጎተራውን አያውቅም፤ እንዲሁ ይቀጥል እንዳልል ደግሞ ስማቸው የወጣው እናት አሉ።